ሃምሳ አለቃን ለማክበር የቀበርኩት ቆርቆሮ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

የባንክ ሥራ አስኪያጁ ጥርስ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ከሐኪሙ የመጣው ወረቀት «ታካሚው ስስቅ ጥርሴ ይቀድመኛል ይላል» የሚል ነው። ምን ላድርግ... አትሳቅ ልበለው? ሞረድኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አጠረ ይላል።

ቤት ስደርስ ሃምሳ አለቃ በር ከፈቱልኝ። «ጥርስ ነቃዩ መጣ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። አንድም ቀን ጥርስ ነቅዬ አላውቅም። ላቦራቶሪ ተቀምጬ ሰም አቀልጣለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እደረድራለሁ፤ በቃ። ይህን ለሚስቴ አባት ሳስረዳ ዘጠኝ ዓመቴ። የሳቸውን የላይኛውን ጥርስ የሠራሁት ራሴ ነኝ። በሱው ጥርስ ነው የሚሰድቡኝ።

ደብዳቤ መጥቶላቸዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ ወታደሮችን ሊያከብር ነው። ሜዳሊያ ያላቸው የፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። አነበቡት። ለሁለት አጠፉት። ለአራት አጠፉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የምግብ ጠረጴዛው አጭር እግር ሥር ወሸቁት።

«አባዬ!» አለች ሚስቴ።

«ምነው? ይኸው ለቁም ነገር ዋለ።»

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ጠረጴዛው እውነትም መንቀጥቀጡን ትቷል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሚስቴ የሸሚዜን ቁልፍ ልትተክል የቁልፍ ማስቀመጫዋን ዘረገፈችው። ሜዳሊያው ከቁልፎቹ ጋር ተንከባሎ ወጣ። እዚያ ነው የሚኖረው... ከኮት ቁልፍና ከተበላሸ ዚፕ ጋር። ልጅ ሆና ስለሱ ስትጠይቃቸው «ሂጂ ተጫወቺ» ይሏት ነበር። አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ጠየቀቻቸው። ሂጂ ተጫወቺ።

የምናውቀው ቁም ሣጥን ውስጥ ካለው ምስክር ወረቀት ላይ ያነበብነውን ብቻ ነው። «በአንድ ቀን አርባ አንድ ፈንጂ ብቻውን አምክኖ የድልድዩን መንገድ ለወገን ጦር ስለከፈተ...» ይላል። አርባ አንድ! እኔ በአንድ ቀን አርባ አንድ ጥርስ ደርድሬ አላውቅም። ጥርስ ደግሞ አይፈነዳም።

«አንድ ቀን እንኳ ሰው አመስግኖት ባይ ምን አለበት?» አለች። መርፌው ጣቷን ወጋት፤ አለቀሰች። ለጣቷ ነው ያለቀሰችው? አይመስለኝም።

እኔስ? ከሳቸው ጋር በዘጠኝ ዓመት ያወራነው ስለ አየር ጠባይና ስለ ድድ ብቻ ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ላቦራቶሪ ውስጥ ጄሶ የምታቦካውን ባልደረባዬን ሁላችንም «ጄሶ» ነው የምንላት። እሑድ እሑድ የት እንደምትጠፋ ዛሬ ነገረችኝ። የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ።

«ጂኦካሽ ይባላል። አንዱ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በቁጥር ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን በስልኩ እየተከተለ ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል። ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ ወደ ቦታው ይመልሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቱ ይገባል።»

«ሽልማቱስ?»

«ማግኘቱ ነዋ!» ብላ እንደ ጅል አየችኝ።

ግን አንድ ነገር አለች... አንዳንዱ ሣጥን የሰው መታሰቢያ ነው። ባለፈው ያገኘችው ለአንዲት አዋላጅ የተቀመጠ ነበር፤ የሴትየዋ ታሪክ በአንድ ገጽ ተጽፎ። «ቆሜ አነበብኩት። የማላውቃት ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣችም።»

ንግግር የለ። የፊት ወንበር የለ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው እንኳ ማወቅ አያስፈልጋቸውም!

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጠዋቱን ሙሉ ሣጥን ስንሠራ አረፈድን። ሃምሳ አለቃ መናፈሻ ናቸው። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ኩሬው ፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝናብ ቢዘንብም በጃንጥላ።

ክብ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን፤ የሳህን ስፋት ያለው። ክዳኑን ውኃ እንዳያስገባ በላቦራቶሪ ሰም አሸግኩት። ውስጡ ደብተር፣ እርሳስና ከምስክር ወረቀቱ የገለበጥኩት ታሪክ አለ። ሚስቴ በቆንጆ እጅ ጽሑፏ ጻፈችው። ጄሶ በስልክ ምክር ሰጠች፦ «የሚያብለጨልጭ ነገር አይሆንም። አረንጓዴ ቅባው፣ የማያብረቀርቅ። ግማሹን አፈር አልብሰው።»

ቀባሁት። በጣም አምሯል። ሚስቴ «ይኼ ቀርቶ ዝሆን ብትቀባ አይታይም» አለችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ አሞግሳኝ አታውቅም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቀበርኩት። ከወንበራቸው በስተኋላ ስምንት እርምጃ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ቅጠል አልብሼ። ሊፈልግ የሚመጣ ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። እየተከበሩ መሆኑን ሳያውቁ ይከበራሉ! በብልኅነቴ ራሴው ተገረምኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አራት ሰው አግኝቶታል! አንዷ ድረ ገጹ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «ደብተሩን ስናነብ ባሌ ኮፍያውን አወለቀ። ሃምሳ አለቃ ሆይ፣ እናመሰግናለን።» ሚስቴ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

እራት ላይ ሃምሳ አለቃ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ያ መናፈሻ ሌባ ገብቶበታል።»

ትን አለኝ።

«ሰው ስልኩን እያየ ይመጣል። ዛፉን ይዞራል። ግራ ቀኝ ያያል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ዛሬ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ለዛፉ ሰላምታ ሰጠ። ጤነኛ ሰው ዛፍ ሰላም ይላል?»

«ምናልባት ዛፉን ወዶት ይሆናል፣ አባዬ» አለች ሚስቴ፤ ወደ ሳህኗ አቀርቅራ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ማስታወሻ ደብተር ገዝተዋል። «ተጠርጣሪ 1፦ ሴት፣ ቀይ ጃኬት፣ 3፡20። ተጠርጣሪ 2፦ ባልዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ይጨቃጨቃሉ።» እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ሰባተኛው ላይ «አህያ የመሰለ» ይላል። በዝርዝሩ ጄሶም አለች፤ ለቁጥጥር ስትመጣ አይተዋታል። «ተጠርጣሪ 12፦ እጇ ነጭ ዱቄት። አደገኛ።»

ልነግራቸው ይገባል። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ነገ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

በሥርዓት ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ ሰም ሳቀልጥ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት። «መናፈሻው ተዘግቷል። አባዬ ፈንጂ አግኝቷል እየተባለ ነው!»

ፈንጂ... መናፈሻ ውስጥ... ክብ፣ አረንጓዴ፣ ግማሹ አፈር የለበሰ...

ወይኔ ጉዴ!

ሰውየው የወጣትነት ዘመናቸውን ክብ አረንጓዴ ነገር ከአፈር ሲያወጡ ነው የጨረሱት። እኔ ለክብራቸው ክብ አረንጓዴ ነገር አፈር ውስጥ ቀበርኩላቸው። እንዴት አንድ ሰው አያስበውም? ጄሶ አላሰበችው፣ ሚስቴ አላሰበችው፤ እኔማ በብልኅነቴ ስገረም ነበር።

ከነሽርጤ ሮጥኩ። ሕዝቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ከነቬሎዋቸው ተባረዋል። የመናፈሻው ዘበኛ እንደነገረኝ ሃምሳ አለቃ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አስወጥተዋል። እምቢ ያሉት ዳክዬዎቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ዋናው «አባት፣ ከዚህ ይራቁ» ሲላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ኋላ!» አሉት። ቆጥሮ ሄደ። ሃምሳኛው እርምጃ አበባ መደብ ላይ ስለዋለ አበባው መሐል ቆሟል።

እሳቸው ዛፉ ሥር በሆዳቸው ተኝተዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጫማቸውን ለማሰር ወንበር የሚፈልጉ ሰው። ከአንዲት ሴት የተቀበሉትን የሹራብ መሥሪያ መርፌ ይዘው አፈሩን ከጎን፣ ቀስ... ቀስ...

«ሃምሳ አለቃ! ብስኩት ነው!»

«ዝም በል!»

«የብስኩት ቆርቆሮ ነው!»

«ሁሉም እስኪፈነዳ ድረስ ቆርቆሮ ነው!»

ገባሁ። ፖሊሱ ከአበባው ውስጥ ሆኖ ጮኸብኝ። ሃምሳ አለቃም ጮኹብኝ፦ «ከመጣህ እንግዲህ እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጥ!» እርምጃቸው አጭር ነው። እኔ ረጅሙ ሰውዬ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ሄጄ አጠገባቸው በሆዴ ተኛሁ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ቆርቆሮው። እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

መርፌዋ ቆመች።

«አረንጓዴ የቀባውስ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንዳይታይ...»

«እነሱም ለዚሁ ነው የሚቀቡት» አሉ።

ቢሆንም አላመኑኝም። ዙሪያውን በመርፌ ጨረሱ፣ ሥሩን ዳሰሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያወጡት። ሰሙን በጥፍራቸው ላጡ። እዚያው በሆዳቸው እንደተኙ ደብተሩን ገለጡ። ሃያ ሦስት ሰው ፈርሟል። «የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው» አሉ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ የሚስቴን ጽሑፍ አነበቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «ብቻውን» የሚለው ላይ ቆመ።

ወረቀቱን መለሱ። ክዳኑን ገጠሙ።

«አንሳኝ።»

አነሳኋቸው። ሕዝቡ ሲያየን አጨበጨበ። ሙሽራው ያፏጫል፣ ሙሽሪት እቅፍ አበባዋን ታውለበልባለች። ለዓመታት የሸሹት ነገር ሁሉ ባንዴ መጣባቸው... እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው። ማንንም ሳያዩ፣ ሆዳቸው ላይ የተለጠፈውን ቅጠል እንኳ ሳያራግፉ ወጥተው ሄዱ።

ፖሊሱ ፎርም አስሞላኝ።

«የተገኘው ዕቃ?»

«ቆርቆሮ።»

«ይዘቱ?»

«ክብር» አልኩ። የምለውን አላውቅም ነበር። ሳይስቅ ጻፈው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ከክፍላቸው አልወጡም። ሚስቴ አታናግረኝም። ሐሳቡ ሲያምር የሷም ነበር፤ ሲበላሽ የኔ ብቻ ሆነ?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ምግቡ በራቸው ላይ ሳይነካ ይመለሳል። ዛሬ ጥርስ ስደረድር ክራንቻውን በመንጋጋ ቦታ አስገባሁት። ጄሶ አየችው። «እንዲህ ብትልከው ሰውየው በጉንጩ ነበር የሚነክሰው» አለች። ሊያስቀኝ አልቻለም።

«ጥርስ ነቃይ» ብለው እንኳ አልጠሩኝም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ማምሻውን በራቸው ተከፈተ። «ና።»

ገባሁ። ቆርቆሮው አልጋው ላይ ነው። ተቀመጥ አላሉኝም፤ ቆምኩ።

«ውሸት ቀብረሃል» አሉ።

«ከምስክር ወረቀቱ ነው የገለበጥኩት።»

«ወረቀቱ ነው ውሸታም። ወረቀቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እንዳሉት ልጻፈው። ብቻቸውን አልነበሩም። ከእሳቸው ጋር አንድ ወታደር ነበር፤ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ሲባጎ። «ቀጭኑ» ይሉታል። ሁለቱ ጎን ለጎን በሆዳቸው እየተሳቡ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ በሳንጃ እየፈለጉ በምግብ ማንኪያ አፈሩን እያነሱ ያንን መንገድ ጠረጉት። እሳቸው ሃያ ሁለት ፈንጂ አወጡ፣ ቀጭኑ ዐሥራ ዘጠኝ። አንድ ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። ከዚያ ቀጭኑ ድል አድርጎ ሲመለስ ከቆመ መኪና ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

ሳቅ አመለጠኝ። አፌን ያዝኩ። «ሳቅ፣ ሳቅ» አሉ። «እኔም በሳቅ ፈርሼ ነበር። በቃሬዛ ተሸክሜው ሁለታችንም እንስቅ ነበር።»

ከሦስት ቀን በኋላ አዛዡ መጣ። ቀጭኑ ሆስፒታል ነው። ጦሩ ተሰልፏል። «ይህን መንገድ የጠረገው ማነው?» አለ አዛዡ።

«‹እኔ› አልኩ።»

የቆርቆሮውን ክዳን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«እኛ ማለት ይቻል ነበር። እኔና እኛ... ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። አንዷን ፊደል ነገ አስተካክላለሁ አልኩ። በነጋታው ሜዳሊያው መጣ። ከሜዳሊያው በኋላ ደግሞ ፎቶው በጋዜጣ ወጣ። አርባ ዓመት ሞላኝ።»

ቀጭኑ በሕይወት አለ። አራት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ዶሮ ያረባል። ስልክ ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። አንድም ቀን አልደወሉም።

ተቀመጥኩ፤ ሳይፈቀድልኝ። እንዲያው ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆርቆሮውን ስናይ አመሸን።

«ከሁሉ የገረመኝ ምንድነው?» አሉ በመጨረሻ። «አቀባበርህ። ከሩቅ ነው የሚታየው። እንዴት ያለ ዝርክርክ ነህ?»

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ለሚስቴ ራሳቸው ነገሯት፤ በሩን ዘግተው፣ ሁለቱ ብቻ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ዛሬ ሂጂ ተጫወቺ አላለኝም» አለች።

ከዚያ ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ወረቀት ቀደው በገዛ እጃቸው እንደ አዲስ ጻፉት። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሙሉ ቀን! «መንገዱን የጠረግነው እኛ ነን» ብሎ ይጀምራል። ከሥሩ የቀጭኑ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ካወጣቸው ዐሥራ ዘጠኝ ፈንጂዎች ጋር። የራሳቸው ስም ከሱ ቀጥሎ፣ አነስ ባለ ጽሑፍ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ቆርቆሮውን ተረከቡኝ። «መደበቅ ለሚያውቅ ሰው ተወው።» ጄሶ ልትረዳቸው መጣች፤ ዝርዝራቸው ላይ ተጠርጣሪ 12 መሆኗን ስትሰማ ኩራቷ ሌላ ነው። ያለ እኔ ሄዱ። የት እንደደበቁት አልነገሩኝም። ጄሶም አትናገርም፤ አስምለዋታል።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

በዐሥር ቀን አንድም ሰው አላገኘውም። ድረ ገጹ በእሮሮ ተሞልቷል። «ሁለት ሰዓት ፈልጌ አጣሁ።» «ጠፍቷል፣ ይነሳልን።» «ልጆቼ አልቅሰው ተመለሱ።» እሳቸው እያንዳንዷን ያስነብቡኛል። «ልጆቹ አልቅሰው ነው ያለው? እስቲ ድገመው።»

ተጠርጣሪዎቻቸውን አሁን በስማቸው ሰላም ይሏቸዋል። ከወንበራቸው ሳይነሱ «ራቅክ!» «ቀረብክ!» ይላሉ። ግማሹ ውሸት ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ስልኬን ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«አንተ ጻፍ። እጄ ወፍራም ነው።»

«ለማን?»

ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። «ምን ልበል? ይቅርታ...»

«የምን ይቅርታ በስልክ! የቦታውን ቁጥር ጻፍ። ከሥሩ ‹ማንኪያ ይዘህ ና› በል። በቃ።»

ላክሁት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

መልስ የለም። ስልኬን ወደ ሥራ ይዤ ልወጣ ስል ፊታቸው ይጠቁራል። ቀኑን ሙሉ በሚስቴ ስልክ እየደወሉ «መጣ?» ይሉኛል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

መጣ። አንድ መስመር ብቻ።

«እሑድ። ማንኪያው ያው ነው።»

ሃምሳ አለቃ ሰምተው ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውኃው ብዙ ቆይቶ ተዘጋ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ከሁለት ሰዓት ጀምረው ወንበሯ ላይ ናቸው። እኔና ሚስቴ ከኩሬው ማዶ እንድንሆን ታዘዝን። ጋዜጣ ዘርግተዋል፤ ገጽ ሳይገልጡ ሰዓት ተኩል።

አንድ መኪና ቆመ። አንዲት ሴት ከሾፌሩ ወንበር ወርዳ የጎኑን በር ከፈተች፤ ከውስጥ የወጣው ሰውዬ በአንድ ጊዜ አልወጣም። መጀመሪያ ሆዱ፣ ቀጥሎ ምርኩዙ፣ መጨረሻ ላይ ባርኔጣው።

«ሌላ ሰው ነው» አለች ሚስቴ።

ሌላ ሰው አልነበረም። ከደረት ኪሱ ማንኪያ ብቅ ብሏል።

እንደሌላው ስልኩን እያየ አልዞረም። ስልኩን መኪናውን ለነዳችው ለልጁ ሰጥቶ ቆመ። መሬቱን አየ። ዛፉን አለፈው። ኩሬውን አለፈው። ዘበኛው ቤት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ወንበሯ ፊት ሲደርስ ቆመ። ጋዜጣው ከፍ አለ። እኛ ዳር ዳሩን ተጠግተን ቃል በቃል እንሰማለን።

«ጌታው፣ እስቲ ይነሱ።»

«ለምን?» አለ ጋዜጣው።

«የተቀመጡበት ላይ ነገር አለ።»

«የተቀመጠ ሰው ነው ያለው።»

«ሃምሳ አለቃ» አለ ሰውየው፤ «ያኔም ብስኩትህን የምትደብቀው መቀመጫህ ሥር ነበር።»

ጋዜጣው ወረደ። ተነሱ። ቀጭኑ ለመንበርከክ ልጁንና ምርኩዙን ደገፍ አድርጎ ጊዜ ወሰደ፤ ከወንበሯ እግሮች መሐል አንዱን ጡብ በማንኪያው ፈነቀለ። ከጡቡ ሥር ቆርቆሮው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማው የፈለገውን ነገር እሳቸው ተቀምጠውበታል። ሰዓት ይዤ ነበር... ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀበት።

መሬት ላይ እንደተቀመጠ አነበበው። ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ዐሥራ ዘጠኝ?» አለ ቀጭኑ።

«ዐሥራ ዘጠኝ።»

«ሃያ አንድ ነው።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ነው! ቆጥሬአለሁ!»

«በኩርባው ላይ ያሉትን ሁለቱን ማን አወጣቸው? አንተ እኮ ሽንትህን ልትሸና ሄደህ ነበር!»

ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አጣጠፉ። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ «አዛዡ ሲጠይቅ እኔ አልኩ» አሉ። «እኛ አላልኩም።»

«አውቃለሁ። አልጋ ላይ ሆኜ ነርሷ ጋዜጣውን አነበበችልኝ።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልተናገርክም?»

«ለማን ልናገር? የምናገረው ለአንተ ነበር። ከቃሬዛ ላይ አውርደኸኝ ነገ እመጣለሁ ብለህ ሄድክ።» ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ሜዳሊያ አልጠበቅኩም፣ አንተ ሰውዬ። አንተን ነው የጠበቅኩት።»

ሚስቴ ክንዴን ይዛ ጨመቀችው። አሁንም ምልክቱ አለ።

ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ አጠገቡ ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም ሊነሱ አልቻሉም። እኔ፣ ሚስቴ፣ የቀጭኑ ልጅና ዘበኛው ሆነን ነው ያነሳናቸው፤ በየተራ፣ ከባዱን መጨረሻ። ደብተሩ ላይ ቀጭኑ ፈርሟል፦ «አገኘሁት። ሃያ አንድ።» ሃምሳ አለቃ ከሥሩ «ዐሥራ ዘጠኝ» ብለው ጻፉ። ቤት መጥተው እስኪመሽ ተጨቃጨቁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

በስልክ በየቀኑ ነው። ሃያ ላይ ሊታረቁ ተቃርበው ነበር፤ ፈረሰ።

የሜዳሊያው ነገር ግን አልቋል። ሃምሳ አለቃ «ግማሹ ያንተ ነው» ሲሉት ቀጭኑ «በመጋዝ ልትሰነጥቀው ነው?» አለ። ስድስት ወር እዚያ፣ ስድስት ወር እዚህ እንዲሆን ተስማሙ። የመጀመሪያው ተራ የቀጭኑ ነው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሜዳሊያውን ሊያደርሱ ዛሬ ተነሱ። አውቶቡስ ተራ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ሚስቴ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታቸው ነበር፤ በር ላይ ስንደርስ ፈቱት።

«እዚህ ላይ ስካልኝ» አሉ፤ ደረታቸውን እያሳዩ።

«ኮቱ ላይ?»

«በኪስ ቢጠፋብኝስ? ያ ወፍራም ጉድ አያምነኝም።»

ሰካሁት። ጠመም አለ፤ አስተካከልኩት። አልተቆጡኝም።

ወረፋው ረጅም ነበር። ሰው ያያል፣ እሳቸው ጣሪያ ያያሉ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ትኬት ቆራጯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ምን ሠርተው ነው ይኼን የተሸለሙት?»

ደንግጬ ላስቆማት አሰብኩ... «እህቴ ተዪ፣ እሳቸው ይህን አይወዱም» ልል ነበር። ቀደሙኝ።

«መንገድ ጠርገን ነው። አርባ አንድ ፈንጂ ነበረው።»

«አርባ አንድ! ብቻዎን?»

«ኧረ ብቻዬን አይደለም!» አሉ ጮክ ብለው፤ ወረፋው ሁሉ ሰማ። ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተመቻቹ። «አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ወሬኛ፣ ተጨቃጫቂ፣ ያኔ ቀጭን ነበር። ጊዜ አለሽ? ከጠዋቱ ልጀምርልሽ...»

ጊዜ አልነበራትም። ከኋላችን ዐሥራ ስምንት ሰው ቆሟል። ከጠዋቱ ጀመሩላት።